በብርዱ ወራት ለቤት አልባዎች መጠለያ እርዳታ እንዴት ይሰባሰባል? ለዲሲና አካባቢው ሐበሾች ዝርዝር መመሪያ

ኖቬምበር ሲገባ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየማኅበሩና በየቴሌግራም ግሩፑ "ለሼልተር እንሰብስብ" የሚል ጥሪ ይወጣል። ሰውም ሳይሰስት ይሰጣል። ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። በመኪና ተጭኖ የሄደው ልብስ "አዲስ ካልሆነ አንቀበልም" ተብሎ ይመለሳል። ወይ ወጡ ቤት ውስጥ የተሠራ ስለሆነ በር ላይ ይቀራል። ወይ ደግሞ ሃያ ሰው በታንክስጊቪንግ ቀን ሊረዳ ይሄድና ቦታ የለም ይባላል፤ ፌብሩዋሪ ላይ ግን እዚያው ቤት ሾርባ የሚጨልፍ ሰው ጠፍቷል።

ሁሉም የሚመጣው ከአንድ ስህተት ነው። መጀመሪያ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህንን ይገለብጠዋል። ደረጃ አትዝለሉ።

## ደረጃ 1፦ ቀኑን ቁረጡ (ኦክቶበር መጀመሪያ)

በዲሲ የብርድ ወቅት ተብሎ የሚያዘው ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ነው። የአየሩ ሙቀት ከነፋሱ ጋር ተደምሮ 32 ፋራናይት (0 ሴልሺየስ) ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ከተማው የብርድ ማስጠንቀቂያ ያውጃል። በእንደዚህ ያለ አየር መጠለያ ለሚፈልግ ሰው ማደሪያ ማቅረብ ደግሞ በዲሲ ሕግ የከተማው ግዴታ ነው። ማስጠንቀቂያ በወጣበት ሌሊት አልጋው ይሞላል። ካልሲውም ብርድ ልብሱም የሚያልቀው ያኔ ነው።

አሁን ካላንደር አውጡና ሦስት ቀን ምልክት አድርጉ።

1. ኖቬምበር አጋማሽ፦ ዕቃ ማድረስ።
2. ከገና ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ወይም እሑድ፦ ምግብ ማቅረብ።
3. ፌብሩዋሪ አጋማሽ፦ ሁለተኛ ዙር ዕቃ።

ሁለተኛው ቀን በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በታንክስጊቪንግና በፈረንጆቹ ገና መጠለያዎች በበጎ ፈቃደኛ ይጥለቀለቃሉ። ተራው ከሳምንታት በፊት ያልቃል። የጃንዋሪ መጀመሪያ ሲያልፍ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ብርዱ ግን ይብሳል። የእኛ ገና የሚውለው ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ደግሞ ጃንዋሪ 19 ወይም 20 ነው። ልክ የሰው እጅ በሚሳሳበት ሰሞን ማለት ነው። ይህን አጋጣሚ ተጠቀሙበት። በገና ዕለት ግን ቀጠሮ አትያዙ። ሌሊቱን ሲያስቀድስ ያደረ ሰው ጠዋት ላይ ቤተሰቡን ትቶ እንዲመጣ አትጠብቁ።

## ደረጃ 2፦ አንድ መጠለያ ምረጡና ደውሉ

ሁሉም መጠለያ አንድ ዓይነት አይደለም። ዲሲ ውስጥ ኤን ስትሪት ቪሌጅ የሴቶች ነው። ሴንትራል ዩኒየን ሚሽን የሚያሳድረው ወንዶችን ነው። አሌክሳንድሪያ ያለው ካርፐንተርስ ሼልተር ቤተሰብም ይቀበላል። የሴት ጫማ ጭኖ የወንዶች መጠለያ በር ላይ መቆም የሚመጣው ይህን ካለማጣራት ነው።

ለቤታችሁ ወይም ለቤተ ክርስቲያናችሁ የሚቀርበውን ምረጡ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ከሆነ ዲሲ ድረስ መሄድ ግዴታ የለባችሁም፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲም የራሱ መጠለያዎች አሉት። ለመጀመሪያ ዓመት ከአንድ በላይ አትያዙ።

ስትደውሉ የበጎ ፈቃደኞችን አስተባባሪ ጠይቁ። ስልክ ያነሳው ጥበቃ "አዎ፣ አምጡ" ቢላችሁ እሱን ይዛችሁ አትሂዱ። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ።

1. አሁን በጣም የጎደላችሁ ምንድን ነው? በየትኛው ልክ?
2. ያገለገለ ልብስ ትቀበላላችሁ ወይስ አዲስ ብቻ?
3. ዕቃ የምትረከቡት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው በር ነው?
4. የተሠራ ምግብ ከውጭ ይገባል? ቤት የተሠራስ?
5. በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይመገባል?
6. በአንድ ፈረቃ ስንት በጎ ፈቃደኛ ትፈልጋላችሁ? ትንሹ ዕድሜ ስንት ነው? የጀርባ ምርመራ (የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ) ያስፈልጋል?
7. የማታስገቡት ዕቃ ምንድን ነው?

ስልኩን እንደዘጋችሁ መልሱን በኢሜይል ላኩላቸው። "እንደተነጋገርነው ኖቬምበር ይህን ቀን በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ካልሲ እናመጣለን" በሉ። መጠለያ ውስጥ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። በአፍ የተነገረ ነገር ከሰውየው ጋር አብሮ ይሄዳል።

መልስ ካልሰጡስ? አልተፈለግንም ብላችሁ አትቀየሙ። የሰው እጥረት ነው። ድምፅ መልእክት ተዉ፣ ድረ ገጻቸው ላይ ያለውን የበጎ ፈቃደኛ ፎርም ሙሉ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙ። ሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ሌላ መጠለያ ሂዱ። መልስ ሳታገኙ ግን መሰብሰብ አትጀምሩ።

## ደረጃ 3፦ ሥራውንና ገንዘቡን አደራጁ

አራት ሰው ይበቃል። አንዱ ከመጠለያው ጋር ብቻ ይነጋገር። አንዱ ዕቃ ይረከብ። አንዱ መኪና ያስተባብር። አንዱ ሒሳብ ይያዝ። መጠለያው ከአምስት የተለያየ ሰው ስልክ ከተደወለለት ግራ ይጋባል፣ ቀጠሮውም ይደበላለቃል።

ገንዘቡ ላይ ጥብቅ ሁኑ። እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ መልካም ሥራ የፈረሰው በገንዘብ ሐሜት ነው።

* የሚሻለው ሰው በቀጥታ በመጠለያው ድረ ገጽ እንዲከፍል ወይም ቼክ በመጠለያው ስም እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ደረሰኙ በስሙ ይመጣለታል።
* በዜል ወደ ግለሰብ አካውንት የተላከ ገንዘብ ለሰጪው የታክስ ቅናሽ አያስገኝለትም። ይህን ከመጀመሪያው ንገሩ።
* 250 ዶላርና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ የሰጠ ሰው ታክስ ላይ ለማስመዝገብ ከመጠለያው የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ባንክ ያወጣው ወረቀት ብቻውን አይበቃውም።
* ካልሲ ለመግዛት የግድ ጥሬ ገንዘብ መሰብሰብ ካለባችሁ ሁለት ሰው አብሮ ይቁጠር። የግዢውን ደረሰኝ ፎቶ በዚያው ቀን ግሩፑ ላይ ልቀቁ።
* የዕድር ወይም የዕቁብ ገንዘብ ጋር አትቀላቅሉ። "ለጊዜው ከዚያ እንበደር" አይባልም።

## ደረጃ 4፦ አጭር ዝርዝር አውጡ

"ያላችሁን አምጡ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ያልፈለጋችሁት ሁሉ ይመጣል። ያረጀ ሻንጣ፣ የሠርግ ልብስ፣ የተሰበረ አሻንጉሊት። ከሦስት ዕቃ በላይ አትጠይቁ።

መጠለያው ሌላ ካላለ በስተቀር ሁልጊዜ የሚፈለገው ይህ ነውና ከዚህ ሦስቱን ምረጡ፦ አዲስ ወፍራም ካልሲ፣ አዲስ የውስጥ ልብስ፣ ውሃ የማያስገባ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ከሱሪ ሥር የሚለበስ ሙቀት የሚይዝ ልብስ። ካልሲ ቀላል ነገር ይመስላል። ቀኑን ሙሉ በረዶ የረገጠ ሰው ግን እግሩ እንደረጠበ ከዋለ ቆዳው ይላጣል፣ ይቆስላል። የሚቀይረው ደረቅ ካልሲ ካለው ይተርፋል።

ልኩን ልብ በሉ። ከእኛ ቤት የሚወጣው ጃኬት በአብዛኛው ስሞልና ሚዲየም ነው። መጠለያው የሚያጥረው ኤክስ ላርጅና ከዚያ በላይ፣ የወንድ ጫማ ደግሞ ከ10 ቁጥር ወዲያ ነው። ቀለሙ ጥቁር፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይሁን። ነጭ ነገር በአንድ ቀን ይቆሽሻል።

ጋቢ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። በአክብሮት መልሱለት። ጥጥ ስለሆነ ውጭ ለሚውል ሰው አይሆንም፤ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ ይከብዳል፣ ሙቀቱንም ያጣል።

ግሩፑ ላይ የሚለጠፈው መልእክት እንዲህ ይሁን፦

> "ለወንዶች መጠለያ የምንሰበስበው ሦስት ነገር ብቻ ነው። 1) አዲስ ወፍራም ካልሲ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ። 2) አዲስ የወንድ የውስጥ ልብስ፣ ላርጅና ከዚያ በላይ። 3) ውሃ የማያስገባ የወንድ ጓንት። ያገለገለ ልብስ በዚህ ዙር አንቀበልም። የምንረከበው እሑድ ከ11 ኤኤም እስከ 2 ፒኤም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። ከዚያ ሰዓት ውጭ በር ላይ ዕቃ አታስቀምጡ።"

ሰዓቱን በኤኤምና ፒኤም ጻፉ። "6 ሰዓት" ካላችሁ ግማሹ ሰው እኩለ ቀን ይመጣል፣ ግማሹ ማታ።

## ደረጃ 5፦ መረከብና መለየት

አዲስ ዕቃ ብቻ ከሆነ ይህ ደረጃ በአንድ ሰዓት ያልቃል። በዓይነትና በልክ ለዩ፣ ካርቶን ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ፣ ቁጥሩን መዝግቡ። አለቀ።

መጠለያው ያገለገለ ጃኬት ከፈቀደ ግን እጅጌያችሁን ሰብስቡ።

1. በሩ ላይ ፈትሹ። ዚፑን ከላይ እስከ ታች ክፈቱና ዝጉ። ዚፑ የማይሠራ ጃኬት ብርድ አይከላከልም፤ መጠለያ ውስጥ የሚጠግነውም የለም።
2. ኪሱን ዳብሱ። ቁልፍ፣ የባንክ ካርድ፣ መድኃኒት፣ የመንጃ ፈቃድ ይገኝበታል።
3. እጠቡና በከፍተኛ ሙቀት አድርቁ። ማድረቂያው ውስጥ በከፍተኛው ሙቀት ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ። ትኋን የሚሞተው እንደዚህ ነው። አንድ ትኋን ያለበት ጃኬት ስንት አልጋ ያለውን ክፍል ሊበክል እንደሚችል አስቡት። ሰጪው "ታጥቧል" ቢልም ድገሙት።
4. የደረቀውን ወዲያው በላስቲክ ከረጢት እሰሩ። ካልታጠበው ጋር አንድ ወለል ላይ አታስቀምጡ።
5. ልኩን በፕላስተር ለጥፉ። ደረቱ ላይ፣ በትልቁ ይጻፍ። ማታ ስድሳ ሰው የሚያስተናግድ ሠራተኛ የአንገት ምልክት እያገላበጠ አያነብም።

ለመልበስ የምታፍሩትን አትላኩ። የተቀደደ፣ የቆሸሸ፣ የሚሸት ነገር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል። መጠለያው ቆሻሻ ለማስነሳት ገንዘብ ይከፍላል፤ ስለዚህ ሸክሙን ወደ እነሱ አታሸጋግሩ።

ዕቃው ከተጠየቀው በላይ ከበዛ፦ ወደ መጠለያው ይዛችሁ አትሂዱ። ደውሉ። "ማስቀመጫ የለንም" ካሉ የተረፈውን ለፌብሩዋሪው ዙር አስቀምጡ።

## ደረጃ 6፦ ማድረስ

ከአንድ ቀን በፊት ደውሉና ቀጠሮውን አረጋግጡ። ሁለት መኪና ይበቃል፤ የአሥር መኪና ሰልፍ እዚያ ያሉትን ሰዎች ያስጨንቃል፣ ማቆሚያም የለም። በተነገራችሁ በር ብቻ ግቡ። የዕቃውን ዝርዝርና ብዛት የያዘ ወረቀት አስፈርሙ፣ ፎቶውን ለግሩፑ አሳዩ።

ፎቶ ሲባል የካርቶኑና የወረቀቱ ነው። የሰው ፊት አታንሱ። ከጀርባም ቢሆን፣ "ፊቱ አይታይም" ቢባልም አታንሱ። እዚያ ውስጥ ከሚደበድብ ባል የሸሸች ሴት ልትኖር ትችላለች። ጠዋት ሥራ የሚሄድ፣ አለቃው መጠለያ እንደሚያድር የማያውቅበት ሰውም አለ። አንድ የፌስቡክ ፎቶ የሚያደርሰውን ጉዳት ሺህ ካልሲ አይክሰውም።

## ደረጃ 7፦ ምግብ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የት ይሠራ? ብዙ መጠለያዎች በቤት ኩሽና የተሠራ ምግብ አያስገቡም። መልሱ "አይሆንም" ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፈቃድ ያለው የሐበሻ ሬስቶራንት ባለቤት አነጋግራችሁ በተዘጋበት ሰዓት እዚያ መሥራት ወይም በወጪ ዋጋ እንዲሠራላችሁ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው መጠለያው የራሱ ኩሽና ካለው ያልተሠራ ዕቃ ይዞ ሄዶ እዚያው መሥራት ነው።

ምን ይሠራ? ክክ አልጫ፣ በርበሬ የሌለው ድፍን ምስር፣ አትክልት በካሮትና በድንች፣ ከሩዝ ጋር። እነዚህ የጾም ስለሆኑ ለሙስሊሙም፣ ሥጋ ለማይበላውም፣ ወተት ለማይስማማውም ይሆናሉ። ምግብ ሠሪዎቻችሁ በጾም ቀን ቢሠሩትም ሊቀምሱት ይችላሉ።

በርበሬ፣ ሚጥሚጣና አዋዜ ይቅር። ጨጓራው የታመመ፣ ጥርሱ የተነቀለ፣ ብዙ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ። አጥንት ያለው ሥጋም ይቅር። እንጀራውን በጎን አቅርቡ እንጂ የግድ አታድርጉት፤ ለማያውቀው ሰው ኮምጣጣነቱ ይከብደዋል። በየትሪው ላይ ምን ምን እንደገባበት በእንግሊዝኛ ጻፉ። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል፣ ስንዴ ካለበት በተለይ ይጻፍ።

ሙቀቱ። ቴርሞሜትር ግዙ። በጣት መንካት አይበቃም።

* ትኩስ ምግብ ከ135 ፋራናይት (57 ሴልሺየስ) በታች አይውረድ።
* ቀዝቃዛ ምግብ ከ41 ፋራናይት (5 ሴልሺየስ) በላይ አይውጣ።
* ትናንት የተሠራ ከሆነ እስከ 165 ፋራናይት (74 ሴልሺየስ) ድረስ ይሙቅ።

የእኛ ቤት ልማድ ወጡን ማታ ሠርቶ በድስቱ እንዳለ ምድጃ ላይ ማሳደር ነው። ለመጠለያ ይህ ፈጽሞ አይደረግም። ትልቅ ድስት ሙሉ ክክ ላዩ ቢቀዘቅዝም መሀሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ተሕዋስያን የሚባዙት እዚያ ነው። እንደወረደ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሰፊ ትሪ ገልብጡት። ትሪውን በረዶ ላይ አስቀምጡና አማስሉት። በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 70 ፋራናይት፣ በቀጣዩ 4 ሰዓት ደግሞ ወደ 41 ፋራናይት መውረድ አለበት። ከዚያ ፍሪጅ ይግባ።

መንገድ ላይ። ሙቀት በሚይዝ ሳጥን ጫኑ፣ ትሪውን በፎይል ሸፍኑ። የ395 መንገድ ተዘግቶ ብትዘገዩ ስትደርሱ መጀመሪያ ለኩ። ከ135 በታች ሆኖ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ድፉት። ያማል፣ አውቃለሁ። ስትለፉበት ያደራችሁት ነው። ግን በአቅመ ደካማ ሰው ላይ የምግብ መመረዝ ቀልድ አይደለም። ለዚህ ክፉ ቀን ዳቦ፣ የታሸገ ቱናና ሙዝ መኪና ውስጥ ያዙ።

በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ በቅን ልቦና ምግብ ለግብረ ሰናይ ድርጅት የለገሰ ሰው ከክስ ጥበቃ አለው። ከባድ ቸልተኝነት ግን አይሸፈንም። ሙቀቱን የለካችሁበትን ሰዓትና ቁጥር ጻፉ።

## ደረጃ 8፦ ጊዜ መስጠት

የፈረቃው ሰዓት ከመድረሱ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ተገኙ። ስድስት ሰው ከተባለ ስድስት ሰው ሂዱ። ሰባተኛው ዘመድ "ልየው ብዬ ነው" ብሎ አይምጣ። ወርቅና ውድ ቦርሳ ቤት ይቅር። ጸጉር ይታሰር፣ ጫማው የተዘጋ ይሁን።

ምግብ ስታቀርቡ ሰውየውን በዓይኑ እዩትና "ጉድ ኢቭኒንግ" በሉት። "ሩዝ ወይስ ዳቦ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን ሙሉ ሌሎች ሲወስኑለት የዋለ ሰው ነውና ይህች ምርጫ ዋጋ አላት።

እነዚህን አታድርጉ፦

* "እንዴት እዚህ ደረስክ?" አትበሉ።
* ገንዘብ በእጅ አትስጡ። ለአንዱ ከሰጣችሁ ሌላው ይቀየማል፣ ጠብም ያመጣል።
* ቤት ወይም ሥራ እናገኝልሃለን ብላችሁ ቃል አትግቡ።
* ካልተጠየቃችሁ አትስበኩ።

ሰው ቢቆጣባችሁስ? ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ አትከራከሩ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉና ሠራተኛ ጥሩ። ሁለታችሁ ሦስታችሁ ተሰብስባችሁ አትክበቡት።

## ደረጃ 9፦ የአገራችሁን ሰው ካገኛችሁ

ይህ ይደርሳል። ተራው ደርሶ ሰሃን ሲዘረጋ ሐበሻ መሆኑን ታውቃላችሁ። እሱም ያውቃችኋል። ቀድማችሁ በአማርኛ አታውሩት። እሱ ከጀመረ በዝግታ መልሱለት፤ ካልጀመረ እንደ ማንኛውም ሰው አስተናግዱት። ብዙዎች አገር ቤት ያለው ቤተሰብ እንዳይሰማ የሚደበቁ ናቸው።

ስሙን፣ መልኩን፣ የየት አገር ልጅ እንደሆነ ለማንም አትናገሩ። ለትዳር ጓደኛም፣ ለቄሱም ቢሆን። "እንርዳው" ብሎ ግሩፕ ላይ መለጠፍማ ጭራሽ አይታሰብ።

የቋንቋ ችግር እንዳለበት ካያችሁ ሠራተኛውን ለብቻው አነጋግሩ። በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት በከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ አማርኛ ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። እናንተ በራሳችሁ የሕክምና ወይም የሕግ ጉዳይ አታስተርጉሙ። ሰውየው ጉዳዩን ሐበሻ እንዲሰማበት ላይፈልግ ይችላል። መብቱ መኖሩን ግን በአማርኛ የሚነግረው ሰው ካስፈለገ ሠራተኛው ፊት ንገሩት።

## ውጭ የተኛ ሰው ብታዩ

ከፈረቃ ስትመለሱ ብርድ ላይ የተኛ ሰው ካያችሁ ዲሲ ውስጥ 311 ደውሉና የመጠለያ መስመሩን አገናኙኝ በሉ። መንገዱን፣ የቅርቡን መስቀለኛና ሰውየው የለበሰውን ንገሩ። ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ከተደናገረ፣ ወይም በዚያ ብርድ መንቀጥቀጡን ካቆመ 911 ደውሉ። መንቀጥቀጥ ማቆሙ ተሽሎት አይደለም፤ ሰውነቱ እየተሸነፈ ነው። አልኮል አትስጡ፣ እጅና እግሩን አትሹት። ደረቅ ነገር ደርቡለትና እርዳታ እስኪመጣ አጠገቡ ቁዩ።

## ደረጃ 10፦ የፌብሩዋሪው ዙር

ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ እንደገና ደውሉ። የኖቬምበሩን ዝርዝር አትድገሙ፤ የጎደለው ተቀይሯል። ብዙ ጊዜ በዚህ ሰሞን ሰዎች የሚጠይቁት ጫማ፣ ሻምፑ፣ ሳሙናና የሜትሮ ካርድ ነው። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫና ምላጭ ግን ሳትጠይቁ አታምጡ። የሚፈልጉትን ብዛት ያዙ፣ መልእክቱን ጻፉ፣ ከደረጃ 4 ጀምሩ።